ስም ያልወጣለት

ያን ክረምት ኬሚሴን ጎርፍ መታት፤ ጎርፉ ሲጎድል ትኩሳት ገባ፤ በአንድ ወር አሥራ አንድ ልጆች ተቀበሩ።

የጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ባለሙያ ሽብሩ ተህዋሱን በማይክሮስኮፕ አየው። የሚያድነው መድኃኒትም ካዝና ውስጥ ነበር። ካዝናው ግን በደንቡ መሠረት ስሙ ላልተመዘገበ ባክቴሪያ አይከፈትም፤ ይህ ደግሞ አዲስ ዝርያ ነበር። የአምስት ዓመቷ ሂክማ እዚያው ካዝናው አጠገብ ሞተች። ሽብሩ ለእናቷ «ምን እንደገደላት ሳልነግርዎ አልቀርም» ብሎ ቃል ገባ።

የባክቴሪያው ስም የተመዘገበው በስድስተኛው ዓመት ነው። በማግስቱ ጠዋት ሽብሩ ወደ እናቷ ወደ እትዬ ጦይባ ቤት ሄደ።

«ስም ለማውጣት ስድስት ዓመት?» አሉ እትዬ ጦይባ። «እኛ እንኳ ለልጅ በሰባት ቀን እናወጣለን።» ሻይ ቀዱለት። «ወተት የለም። ልጄን በወተት ከገደልኩ ወዲህ እዚህ ቤት ወተት አይገባም።»

«ወተቱ አይደለም እትዬ። የጎርፉ ውሃ ነው፤ በእግሯ ቁስል ነው የገባው።»

እትዬ ጦይባ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። «እኔ አይደለሁም የገደልኳት?»

«አይደሉም።»

«መድኃኒትስ ነበረው?»

ሽብሩ መዋሸት ይችል ነበር። «ነበረው እትዬ። እዚያው፣ ካዝናው ውስጥ።»

እትዬ ጦይባ ተነሱ። ከዚያ ብርጭቆውን ከእጁ ተቀበሉት።

«ያለብህን ዕዳ ከፍለሃል፣ ልጄ» አሉ። «አሁን ሂድልኝ።»