የታችኛው አልጋ

የተማሪዎች ማደሪያው ፕሮክተር የሰጠቻት ወረቀት «ክፍል 14፣ አልጋ 2፣ ላይኛው» ይላል። ፈንታነሽ በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥላ አልጋውን አየች። ብረቱ ከራሷ በላይ ቆሟል፤ ጎኑ መከለያ የለውም፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ሊሾ ሲሚንቶ ነው።

ታችኛው አልጋ ላይ አንዲት ልጅ ተንበርክካ አንሶላ ታነጥፋለች። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባለች።

«ግቢ፣ ግቢ! ብቻዬን ልሞት ነበር» አለች ዘወር ብላ። «መክሊት እባላለሁ። ከሻሸመኔ ነው የመጣሁት። ቆይ፣ እዚህ አገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚበርደው?»

«ገና ነው፤ ኅዳር ሲገባ ይብሳል ይላሉ» አለች ፈንታነሽ፤ ሳታስበው ሳቀች። «ፈንታነሽ እባላለሁ። የእብናት ልጅ ነኝ፤ የደብረ ታቦር ብርድ ለእኔም አዲስ ነው።»

ነገሩ በሳቅ መጀመሩ ደስ አላት፤ ወዲያውም አስፈራት። ጠዋት ሚኒባሱ ድረስ የሸኘቻት እናቷ በጆሮዋ ያለቻት ትዝ አላት፦ «ልጄ፣ ምስጢርሽን ለወዳጅሽ አትንገሪ፤ ወዳጅሽም ወዳጅ አላት። ኪኒንሽን ደብቀሽ ዋጪ፤ የቀረውን ለእመቤቴ ተይላት።» የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ሙሉሐብት ደግሞ ሌላ ነበር ያሏት፦ «አብራሽ የምታድረው ልጅ የግድ ማወቅ አለባት። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም።» ፈንታነሽ መንገዱን ሙሉ ሁለቱን ስታስታርቅ መጣች። በመጨረሻ «አንድ ወር ልቆይ፤ ስንላመድ እነግራታለሁ» ብላ ቆረጠች።

አልጋው ግን አንድ ወር አልሰጣትም።

«መክሊት… ከፍታ እፈራለሁ። አልጋ ብንቀያየርስ?»

«እኔስ! እኔ ወንበር ላይ መውጣት የምፈራ ሰው ነኝ» አለች መክሊት ትራሷን እየመታች። «ታችኛው ሲደርሰኝ እልል ነው ያልኩት። ይለመዳል፣ አይዞሽ።»

ውሸቷ እዚያው ከሸፈ። ፈንታነሽ የአልጋውን መሰላል ያዘችው። ዝም ብላ ልትወጣም ትችላለች። ኪኒኑን ካላቋረጠች ሦስት ወር፣ አራት ወርም በሰላም ያልፋል። ከዚያ አንድ ሌሊት…

«ከፍታ አይደለም የምፈራው» አለች። «የሚጥል በሽታ አለብኝ። ከዚያ ላይ ከወደቅሁ አልተርፍም።»

የመክሊት እጅ ትራሱ ላይ ቀረ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ፈንታነሽ ታውቀዋለች። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ከሁለት የአገሯ ልጆች ጋር እብናት ከተማ ቤት ተከራይታ ትማር ነበር። የወደቀች ቀን፣ ስትነቃ ክፍሉ ክብሪት ክብሪት ይሸታል፤ ልጆቹ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ሄደዋል። ይጋባል ብሎ ሰው ነግሯቸው ነው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላምታቸው ከሩቅ ሆነ።

መክሊት ከአልጋው ወርዳ ወደ በሩ ሄደች። ፈንታነሽ ሻንጣዋን አነሳች፤ ወደ ፕሮክተሯ ተመልሳ ሌላ ክፍል ልትለምን። መክሊት ግን በሩን ዘግታ ተመለሰች።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ፈርቻለሁ» አለች። «ሰፈራችን አንድ ልጅ ነበር። ሱቅ በር ላይ ሲወድቅ አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሮጥኩ። ጠልቼው አይደለም፤ ምን እንደሚደረግ ስለማላውቅ ነው። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።» ወደ ፈንታነሽ ቀረብ አለች። «ምንድን ነው የሚደረገው?»

ሰው ፈንታነሽን ብዙ ጠይቋታል፦ ማን እንደረገማት፣ ምን እንደረገጠች፣ የት ጠበል እንደገባች። ይህን የጠየቃት ግን አልነበረም።

«ከባድ አይደለም» አለች ሻንጣውን መልሳ እያስቀመጠች። «ጠፍንገሽ አትያዥኝ፤ አፌ ውስጥም ምንም አታስገቢ። ክብሪት ጭረሽ አፍንጫዬ ሥር አታምጪ። አጠገቤ የሚያቆስል ነገር ካለ አርቂልኝ፣ ከራሴ ሥር ልብስ አድርጊ፣ በጎኔ አስተኚኝ። ሰዓት እዪ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ሰው ጥሪ።»

መክሊት እየሰማች አንሶላዋን ከታችኛው አልጋ ገፈፈችና ወደ ላይኛው ወረወረችው። «እኔ ከዚያ ላይ ስወድቅ አንቺ ታነሺኛለሽ» አለች። «ቆይ፣ በጎን ማለት እንዴት?»

«በጎን ነዋ።»

«በወሬ አይገባኝም፤ አሳዪኝ።» ይህን ብላ ከነሁለት ሹራቧ ሲሚንቶው ላይ ተዘረረች። «ኡ! በረዶ ነው!»

ፈንታነሽ አጠገቧ በርከክ አለች። ሌላው ሰው ሁሉ ይህን አይቶታል፤ የምትወድቀው እሷ ስለሆነች እሷ ብቻ አይታው አታውቅም። አሁን ስሟን ካወቀች ግማሽ ሰዓት ያልሞላት ልጅ ዓይኗን ጨፍና፣ ሰውነቷን ለእሷ ትታ ተኝታለች። ፈንታነሽ ነጠላዋን አጣጥፋ ከመክሊት ራስ ሥር አደረገችላት፤ ትከሻዋንና ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበቻት። ሰውን በጎኑ ማዞር ይህን ያህል ቀላል መሆኑን አላወቀችም ነበር።

በሩ ተከፈተ። ፍራሽ በትከሻዋ የተሸከመች ረጅም ልጅ ደፉ ላይ ደርቃ ቀረች። «በስመ አብ! ምን ሆነች?»

«ምንም፤ ትምህርት ላይ ነን» አለች መክሊት ዓይኗን ሳትገልጥ።

ፈንታነሽ እጇን ከመክሊት ትከሻ አላነሳችም። «ፈንታነሽ እባላለሁ» አለች። «የሚጥል በሽታ አለብኝ። ስወድቅ የሚደረገውን እያሳየኋት ነው።»

ልጅቷ አንዴ ፈንታነሽን፣ አንዴ መሬት የተኛችውን አየች። ከዚያ ፍራሿን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ከመክሊት ማዶ በርከክ አለች።

«እስቲ ከመጀመሪያው ጀምሩልኝ» አለች።