የነሐስ ሮንዴላ

«እማዬ፣ ሮንዴላዋን አይተሻል?»

የሻሽወርቅ ልትመልስለት አልቻለችም። ሮንዴላዋ አፏ ውስጥ ነበረች።

ማሙሸት ግራሶ ሊገዛ ሶማሌ ተራ ብቅ ባለበት ጊዜ ነው ከጆንያው ላይ ያነሳቻት። ከተፈታው ማሽን ብሎኖች መሃል የተቀመጠች፣ ከአንድ ብር ሳንቲም የማትበልጥ የነሐስ ቀለበት። የት እንደምትደብቃት ሳትቆርጥ የልጇን ኮቴ ሰማች። ምን ታድርግ፤ ጎረሰቻት።

አሁን ልጇ ተንበርክኮ ጆንያውን ያራግፋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ያለችው ሱቃቸው ወትሮም ለሁለት ሰው አትበቃም፤ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ክርኑ ጉልበቷን ይነካታል።

«ምነው ዝም አልሽ?»

ጉንጯን በመዳፏ ደገፈች።

«ጥርስሽ ተነሳብሽ? ውይ እማዬ!» ብድግ አለና ወደ ጎረቤት ተጣራ። «ጋሼ ሁዛይፋ! ቅርንፉድ አያጡም!»

ድስትና ክዳን የሚሸጡት ጋሼ ሁዛይፋ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ። ከኮታቸው ኪስ ቅርንፉድ አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩላትና ማሽኑን አይተው ሳቁ።

«አሁንም አልተገላገለችም? የዚችስ ምጥ በዛ! አዋላጁ ሰነፍ ነው መሰለኝ።»

«አዋላጁ ምን ያድርግ፣ ጋሼ? የሚወለደው እየተጣመመ!»

እውነቱን ነው። ማሽኑ ከቁራሌዎች የተገዛ፣ በእጅ የሚጫኑት ብረት ነው። የተተኮሰ ጥይት ቀልሃ ይቆምበታል፤ እጀታው ሲወርድ ቀልሃው ቅርጹ ተስተካክሎ እንደገና ለመሞላት ይዘጋጃል። ማሙሸት ለሙከራ አንድ ባዶ ቀልሃ አቆመና ተጫነ። ሮንዴላዋ የጎደለችው የማሽኑ ግንድ አጋደለ፤ የቀልሃው አፍ ተጨረማመተ። ብሎኖቹን አጠበቀ። ተጨረማመተ። ግራሶ ቀባ። ያው ነው። ከቆርቆሮ ቀለበት ቆርጦ በሮንዴላዋ ቦታ ተካ፤ ቆርቆሮው እንደ ወረቀት ታጠፈ።

ቀልሃው በተበላሸ ቁጥር የሻሽወርቅ ትንፋሿ መለስ ይላል፤ የልጇን ግንባር ላብ ስታይ ደግሞ ታፍራለች። ማሽኑ ከሠራ ማሙሸት ዛሬውኑ ከነማሽኑ ይሄዳል። ሙሉብርሃን የሚባል ሰው በረሃ ውስጥ ያለ የወርቅ ቁፋሮ ለሚጠብቁ ዘበኞች ጥይት እንዲሞላ ቀጥሮታል። ሱቃቸው ሊፈርስ ቀን ተቆርጦለት ነበርና ልጁ እሺ ለማለት አላመነታም። እሷ ግን ልጇ ባሩድ አጠገብ ተቀምጦ እንዲውል አትፈልግም። ማሽኑ ካልሠራ ልጄ አይሄድም። ያሰበችው ይህንኑ ብቻ ነበር።

ሙሉብርሃን ስልኩን ኪሱ እየከተተ ገባ። ፒክአፑን አብነት ሰፈር አቁሞ ከጠዋት ጀምሮ ሲመላለስ ነው የዋለው።

«እንዴት ሆነልህ፣ ማሙሽ?»

«እምቢ አለኝ። አንድ ዕቃ ጠፍቶብኝ ነው።»

«በቃ ተወው። አለቃችን አሁን ደውሎልኝ ነበር። የተሞላ ጥይት ከሌላ ቦታ ገዝተዋል፤ ማሽኑ አያስፈልግም።»

የሻሽወርቅ ዓይኗን ጨፈነች። ምላሷ ሥር ያለው ነሐስ ማር ማር አላት።

«አንተ ግን ና» አለ ሰውዬው። «ጠመንጃ ትይዛለህ። አንድ ጠባቂ ጎድሎብናል።»

«የት ሄዶ?»

ሙሉብርሃን እናትየዋን ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘራፊዎች መጥተው ነበር። ነፍሱን ይማረው።»

የሻሽወርቅ መዳፏ ላይ ተፋች።

«ይኸው! ይቻት ሮንዴላህ! ሥራው ማሙሽዬ፣ ቶሎ በል ሥራው!»

ማሙሸት በምራቅ የራሰችውን ቀለበት አየ። ጉንጯን አየ። በሌላው እጇ የጨበጠችውን ቅርንፉድ አየ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ሮንዴላዋን በሸሚዙ ጠርጎ ቦታዋ አስገባት፤ ብሎኑን አጠበቀ፤ አዲስ ቀልሃ አቁሞ ተጫነ። ቀጥ ብሎ ገባ፣ ቀጥ ብሎ ወጣ።

«አየህ ወንድሜ? ይሠራል እኮ!» የሰውዬውን ክንድ ያዘች። «ከነማሽኑ ውሰደው። ቁጭ ብሎ ጥይቱን ይሙላልህ። እሱ ጠመንጃ ምን ያውቃል? ዶሮ እንኳ አርዶ አያውቅም!»

ሙሉብርሃን ቀልሃውን አገላብጦ አየው። ክፉ ሰው አልነበረም። «እጁ የተባረከ ነው፣ እትዬ የሻሽ። ጠዋት ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ሌላ አይገዙም ነበር።»

ጠዋት። ሮንዴላዋን ከጆንያው ያነሳቻት ጠዋት ነበር።

«እንግዲያው ይቅርብኝ በለው፣ ልጄ። በለው።»

«ቀርቼስ፣ እማዬ? ሱቁ ሲፈርስ ምን ልንሠራ ነው?» ማሙሸት ግራሶውን በጨርቅ ከጣቶቹ አንድ በአንድ ጠረገ። «ደግሞ ቃል ሰጥቻለሁ።»

ጃኬቱን ከሚስማሩ አወረደ። ጎንበስ ብሎ ስትደግፈው የዋለችውን ጉንጯን ሳማት።

«ጥርስሽን ግን አላመመሽም አይደል?»

ራሷን ነቀነቀች። አፏ አሁን ባዶ ነበር፤ የጃኬቱን ኮሌታ አስተካከለችለት።

ሁለቱ ሰዎች በተሸካሚዎቹ መሃል እየተጋፉ ወጡ። ለጥቂት ጊዜ የማሙሸት ጃኬት ታያት፤ ቀጥሎ የፍራሽ ሸክም ከለለባት። ጋሼ ሁዛይፋ ከበራቸው ሆነው «ተገላገለች አሉ! ልጁ የት ነው?» አሉ። ማሽኑ እጀታው እንደወረደ ነበር። ማሽኑና እሷ ቀሩ። ማሙሸት ሄደ።