ሙኒያ ራሷን እስክትችል

ሉጥፊያ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አሠሪዋን መዳምን የዋሸቻት በአንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱም አንድ ወር አልሞላውም።

ሙኒያ የመዳም አንድያ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባት። ሉጥፊያ ከወሎ ካርቱም መጥታ ካፉሪ ሰፈር እዚህ ቪላ ስትቀጠር ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነበር። አማርኛ ያስተማረቻት እሷ ናት፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ የሚሰማው የለም።

የሱዳኑ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት በነበረው ዓመት ሙኒያ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤቷን ልትጨርስ ሆነ። መምህርቷ ኒዕማ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አስባበታለች፤ አንድ ብስኩት ቤት ልጅቷን ሊቀጥራት ተስማምቷል። ሦስት ነገር ለብቻዋ ከቻለች ነው ታዲያ፤ ልብሷን መቆለፍ፣ ጋዝ ለኩሶ ሻይ ማፍላት፣ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ አስቁሞ መሳፈር። በየቀኑ ቤት ትለማመድ ተብሎ ወረቀት ተላከ።

መዳም ወረቀቱን ቁርስ ላይ አነበበችው። ልጇ ዳቦዋን ታኝካለች።

«ሙኒያ ራሷን ከቻለች አንቺም አገርሽ ትገቢያለሽ፤ ኢንሻአላህ» አለቻት ሉጥፊያን። «ደክመሻል።»

ደግ ሴት ናት፤ ችግሩም እሱ ነው። አገር ቤት ሉጥፊያን የሚጠብቃት የወላጆቿ መቃብር ብቻ ነው። የእኔ የምትለው ሰው ይህች ልጅ ናት።

ስለዚህ አላለማመደቻትም። ጠዋት ጠዋት ቁልፎቿን ራሷ ቆለፈችላት። «እሳት ይበላሻል» እያለች ከምድጃው አራቀቻት። ረክሻውን ራሷ አስቁማ፣ እጇን ይዛ አስገባቻት። መዳም ስትጠይቅ መልሷ አንድ ነው፤ «ዛሬም አልቻለችም።» ሶላት ላይ ግንባሯን ስትደፋ ግን ምን ብላ እንደምትለምን ይጠፋባታል።

ሙኒያ አንድም ቀን አላጉረመረመችም። እንደ ሕፃን እጇን ዘርግታ ትቆማለች፤ ይሄ ደግሞ የሉጥፊያን አንጀት ይበላዋል። ለስፖርት ልብሷን የቀየረች ቀን እንኳ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ሸሚዟ እስከ አንገቷ በወጉ ተቆልፎ ትመለሳለች። «እነሱም ያቀብጧታል» ትላለች ሉጥፊያ፤ ኃጢአቷን የሚጋራት ያገኘች ይመስል ትንሽ ይቀልላታል።

ማክሰኞ ከሰዓት ኒዕማ ልትፈትናት ቤት መጣች። ካርቱም ተወልዳ ያደገች ብትሆንም እናቷ የኮምቦልቻ ሰው ስለሆነች አማርኛ ትሰማለች።

«ያላ ሙኒያ፣ ቆልፊ።»

ሙኒያ መጀመሪያ ሉጥፊያን አየቻት። ከዚያ አንድ ቀዳዳ ዘለለችና ሸሚዙን አጣመመችው። ጋዙ ላይ ሦስት ክብሪት ሰበረች። ውጪ፣ ረክሻው ቆሞ ሲጠብቃት ግንቡ ላይ ተለጥፋ ቀረች።

«መዐሌሽ፣ አይዞሽ» አለች ኒዕማ፤ ፊቷ ግን ጠቆረ። ሳሎን ተመልሳ መዳም ፊት ብዕሯን አወጣች። «ኻልቲ፣ አልቻለችም ብዬ ከጻፍኩ ኻላስ፣ አለቀ፤ ቦታውን ለሌላ ልጅ ይሰጡታል።»

መዳም አንገቷን ደፋች። ሉጥፊያ የፈለገችው ሁሉ ሆነላት፤ አገሯ የሚሰዳት የለም። ደስታው ግን አልመጣም። ወጥ ቤት ገብታ ማጠቢያውን ተደግፋ አለቀሰች። ሙኒያ ተከትላት ገባች።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አለቻት በአማርኛ። «እንዳትችይ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ። እንዳይሸኙኝ ብዬ ዕድልሽን በላሁት። ያበጠው ይፈንዳ፤ አሁን ገብቼ ለእናትሽ እነግራታለሁ። እኔ ልሂድ፣ አንቺን ያለማምዱሽ።»

ሙኒያ በሩን ዘጋች። የተጣመመውን ሸሚዟን ፈትታ ከላይ እስከ ታች አስተካክላ ቆለፈችው። ክብሪቱን በአንድ ጭረት ለኩሳ ሻይ ጣደች።

«ቀስ ብለሽ አልቅሺ እቴቴ፤ ማማ ትሰማሻለች» አለች።