የጋመ ከሰል አይጨስም

ጉግሳ ወንበር ላይ ቆሞ የመጨረሻውን ብሎን ኮርኒሱ ላይ እያጠበቀ ነው። አማቱ እማማ ሸዋዬ እንዳይወድቅ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሽቅብ ያዩታል። ከተወለደች ገና ሁለት ሳምንት የሆናትን ልጅ ያቀፈችው ሚስቱ የሺአረግ ደግሞ አልጋው ላይ ጋደም ብላለች።

የሻይ ሳህን የሚያህለውን ነጭ የጭስ ማስጠንቀቂያ ዕቃ ያመጣለት አንድ የበረራ አስተናጋጅ ነው። ጉግሳ የሚሠራው አውሮፕላን ማረፊያው የጥገና ሀንጋር ውስጥ ስለሆነ ከአስተናጋጆቹ ጋር ይተዋወቃል። ባለፈው ወር ከጀርባቸው ያለው ቤት የጋዝ ምድጃ ፈንድቶ ወጥ ቤቱ ከነጣሪያው ሲቃጠል ካየ በኋላ ነበር ከፍራንክፈርት እንዲያመጣለት የለመነው።

ክብሪት ጫረና አጠፋው። ጭሱን ወደ ዕቃው ሲያስጠጋው ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

«ኧረ ዝም አስብለው! ልጄን አስደነበርካት!» አለች የሺአረግ።

ጉግሳ እየሳቀ በጋዜጣ አራገበለት። ዕቃው ዝም አለ። እማማ ሸዋዬ ግን ደረታቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«በስመ አብ! እንግዲህ ይሄ ቀንም ሌትም አይተኛም?»

«አይተኛም እማዬ። አደጋ ሲመጣ ይጮኻል። እርስዎ አያስቡ።»

«የቀበሌውን ዘበኛ ይበልጠዋል በለኛ» አሉ አማቱ። ሦስቱም ሳቁ።

ከወንበሩ ወርዶ ኮቱን ለበሰ። ዕለቱ እሑድ ነውና የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ መቅረት አይቻልም። ከበር ሲወጣ የሐምሌ ዝናብ ጀመረ።

አዳራሹ ውስጥ ብዙ አልቆየም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ጮኹ፤ ሁለተኛው ረድፍ እንኳ አልሰማቸውም። በመጨረሻ እጃቸውን አወናጨፉና ስብሰባው ተበተነ። ጉግሳ ኮቱን ራሱ ላይ ጥሎ ጭቃውን እየዘለለ ቤቱ ደረሰ።

በሩ ተዘግቷል። ከሥሩ ብርድ እንዳያስገባ ጨርቅ ተወትፎበታል። ገፋ ሲያደርገው ወበቁ ፊቱን መታው። ከአልጋው አጠገብ የከሰል ምድጃ ተቀምጧል። ከሰሉ ፍም ሆኖ ዳር ዳሩ አመድ ለብሷል፤ ቅንጣት ጭስ የለውም።

እማማ ሸዋዬ በርጩማ ላይ ግድግዳውን ተደግፈዋል።

«ጉግሳ... ራሴን...» አሉና ለመነሳት ሞከሩ። ጉልበታቸው ከዳቸውና ተመልሰው ተቀመጡ።

«የሺ!» ብሎ ጠራት። አፏ ከፈት ብሏል፤ ጉንጯ ቀልቷል። ትከሻዋን ይዞ ነቀነቃት፤ አልነቃችም።

«ሰኪና! ሰኪና ድረሽልኝ!»

ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤታቸው ሻሿን እንኳ በወጉ ሳታስር በሩጫ ደረሰች። ጉግሳ ሕፃኗን አቀበላትና ሚስቱን በብብቷ ይዞ እየጎተተ በረንዳው ላይ አወጣት። ተመልሶ አማቱን ደግፎ አመጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ገብቶ ምድጃውን በጨርቅ ይዞ ግቢው መሐል ወረወረው። ከሰሉ ዝናቡን ሲያገኝ ተንጫጫ፤ ጭስ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

ተከትሏት የመጣው የሰኪና ባል ታክሲ ፍለጋ ወደ ወሎ ሰፈር ሮጠ። ሰኪና ሕፃኗን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ጉንጯን በውኃ ትዳብሳለች፤ «ትተነፍሳለች፣ አልሐምዱሊላህ፣ ትተነፍሳለች» ትላለች። ጉግሳ የሚስቱን ራስ ይዞ ስሟን ይጠራል። ቆይታ አቃሰተች። ከዚያ ወደ ጎን ዘንበል ብላ አስመለሳትና ዓይኗን ገለጠች።

«ልጄስ?»

«ይቻት። ደህና ናት። እዚችው ናት።»

የበረንዳውን ምሰሶ ተደግፋ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

እማማ ሸዋዬ ልጃቸውን ቀና ብለው ማየት አቅቷቸው የገዛ እጃቸውን ያያሉ።

«ከሰል እንደሚመታ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም» አሉ። «ስንቱን አራስ ቤት አሙቄያለሁ። በሩን ገርበብ ሳላደርግ አስገብቼ አላውቅም። ዛሬ ብርዱ በዛ። ያንን ነገር ቀና ብዬ አየሁት፤ ዝም ብሏል። እሱ ዝም ካለ ደህና ነው ብዬ ዘጋሁት።»

«እሱ የሚያውቀው ጭስ ብቻ ነው እማዬ» አለ ጉግሳ።

«የጋመ ከሰል መቼ ይጨሳል?»

«አይጨስም። አደጋ ሁሉ ያስጮኸዋል ያልኩዎት እኔ ነኝ። አላሰብኩበትም።»

ከግቢው የገባው ነፋስ በተከፈተው በር አልፎ የአልጋውን መጋረጃ ያወዛውዛል። ሁሉም ጆሯቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ታክሲውን ይጠብቃሉ።

ነፋሱ የዝናቡን ጠፈጠፍ ወደ በረንዳው አመጣው። በሰኪና ጉልበት ላይ ያለችው ሕፃን ፊቷን አኮማተረችና አነጠሰች።

«ይማርሽ!» አሉ እማማ ሸዋዬ፣ አፋቸው ቀድሟቸው። ወዲያው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ።

የሺአረግ ዓይኗን አልገለጠችም። እጇን ወለሉ ላይ እየዳበሰች የእናቷን ጉልበት አገኘች።

«ያኑርሽ፣ እማዬ» አለች በልጇ ፈንታ።