ሊያልቅ ሲል የሚጮኸው ማሽን

ሳሮን የኩላሊት እጥበት ክፍል ነርስ ናት። ዲግሪ አላት፤ የሳዑዲ መኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋም፣ ከነፕላስቲኩ ያብረቀርቃል። ከየመን በእግሯ ድንበር ካቋረጠች የቤት ሠራተኛ ጋር አንድ አገር መወለዷ ያሳፍራታል።

ሠራተኛዋ ሀሊማ ትባላለች። በሳምንት ሦስት ቀን አሮጊቷን ሐጃ ሙዝናን ታመጣለች። ሐጃ መድፍ ከድንበሯ መንደር ከአል-ኹባ ካፈናቀላቸው ወዲህ ያሉት ልጃቸው ቤት ነው። ደማቸው ወደ ማሽኑ የሚሄደው ደረታቸው ላይ በገባ ቱቦ ነው።

"ተቀመጪ" ይሏታል ሐጃ። ሀሊማ ወንበሩ ላይ እንደ ጆንያ ትወድቃለች። ከዚያ በኋላ የድንበሩ መድፍ ቢያጓራም አትሰማም።

"ስንት ቀረኝ?" ይላሉ ሐጃ ሁልጊዜ።

"አሥር ደቂቃ" ትላለች ሳሮን።

ወዲያው ማሽኑ ይጮኻል፤ ደም አልመጣልኝም ብሎ ይቆማል። እሱ ሲቆም ሰዓቱም ይቆማል። የአራት ሰዓቱ እጥበት አምስት ይሆናል።

ሳሮን ብርድ ልብሱን ገልጣ ታያለች። ቱቦው አልታጠፈም። መቆንጠጫው ክፍት ነው፤ ስፌቱም አልላላም። ሐጃን እንዲያስሉ ታደርጋለች፣ አንገታቸውን ታዞራለች፣ ቱቦውን በጨው ውሃ ታጥባለች። ውሃው ያለችግር ያልፋል።

"በረደኝ" ብለው ሐጃ ተመልሰው ይከናነባሉ።

አንድ ቀን ሳሮን ሀሊማን ቀሰቀሰቻት። "አንቺ ነሽ አይደል የምትነካኪው?"

"ወላሂ እትዬ፣ እኔ ተኝቼ!"

"ለመተኛት ስትይ ነዋ! እዚህ ኤሲ አለ፣ ወንበር አለ። የሰው ደም አስቁመሽ ታንኮራፊያለሽ!"

"በአላህ፣ ለከፊሌ፣ ለአሠሪዬ ለልጃቸው እንዳትነግሪ። ኢቃማ የለኝም፤ ለፖሊስ ነው የሚሰጠኝ።"

ሳሮን የተማረች ናትና በወሬ አትፈርድም። ቅዳሜ ሀሊማን ኮሪደር ላይ አቁማ በሩን ዘጋች። ማሽኑ አራት ሰዓት ሙሉ ትንፍሽ አላለም። ሐጃ ዓይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም።

ማስረጃ ተገኘ። ሳሮን ለልጃቸው ደወለች።

"ኸላስ፣ አለቀ" አለ ልጃቸው። እሑድ ሀሊማ በፖሊስ መኪና ተወሰደች።

ሰኞ ረይሃና የምትባል አዲስ ሠራተኛ ሐጃን ይዛ መጣች። እጇ በሳሙና ተልጧል።

"ከመጣች ጀምሮ ምንጣፍ እያሳጠቧት ነው" አሉ ሐጃ። "ምራቶቼ እንቅልፍ የሚባል ነገር ለሠራተኛ አያውቁም። ተቀመጪ፣ ልጄ።"

ሳሮን ማሽኑን ደስ ብሏት ስታየው ዋለች። አንድም ጩኸት የለም።

"ስንት ቀረኝ?"

"አሥር ደቂቃ፣ ሐጃ። ሌባዋ ሄዳለች፤ ዛሬ በጊዜ ይገባሉ።"

ሐጃ አፏን ከፍታ የተኛችውን ረይሃናን አየት አደረጉና፣ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ሰደው ቱቦውን እጥፍ አደረጉት።