ኬክ ጋግራ ጎረቤት የጠበቀችው እንግሊዛዊት

«ፍሬ፣ ኬኩን እንዳትቆርጪው... ዛሬ ይመጣሉ!»

እንዲህ ያለችኝ ያኔ ግራንድ ሳኮኔ፣ ጄኔቫ ዳር ያለው ሰፈር፣ የገባች ሰሞን ነው።

ሜሪ እንግሊዛዊት ናት። ባሏ በሥራ ምክንያት ከዙሪክ ወደ ጄኔቫ ሲዛወር ተከትላው መጣች። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ይዤ እየሄድኩ ቤቷን አጸዳለሁ።

«ማን ነው የሚመጣው ማዳም?»

«ሜሪ በዪኝ አልኩሽ እኮ! ጎረቤቶቹ ናቸዋ። እኛ አገር አዲስ ሰው ሲገባ ጎረቤት አንኳኩቶ እንኳን ደህና መጣሽ ይላል።»

«እኛም አገር እንደዛው ነው» አልኳት።

ጠበቅን...

ማንም አልመጣም።

ኬኩን ለልጄ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም ጋገረች... ከዚያም በኋላ...

አንድ ቀን ያልተነኩትን ኩባያዎች ወደ ቁም ሳጥን እየመለሰች «ዙሪክም እንዲሁ ነበር» አለችኝ። «እዚህም የማወራው ሰው ካጣሁ፣ ባሌንም ትቼ አገሬ እገባለሁ።»

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ባለፈው ወር ቆሻሻ ልጥል ስወርድ፣ ከሥሯ ባለው ቤት የምትኖረውን አሮጊት ሊፍት ውስጥ አገኘኋት።

«አሠሪሽ ግን... ምንድነው እንዲህ የሚያኮራት?» አለችኝ።

«ሜሪ? ኧረ እሷ ምስኪን ናት!»

«ምስኪን? አናታችን ላይ እየኖረች አንድ ቀን በራችንን ደውላ ‹እገሊት እባላለሁ› አላለችንም። እዚህ አገር አዲስ የገባ ሰው እኮ በየበሩ ዞሮ ይተዋወቃል፣ ቤቱም ይጠራል። እኛ የኬኩ ሽታ ብቻ ነው የደረሰን!»

«ታዲያ ለምን እናንተ አልመጣችሁም?»

«ሳንጠራ? ነውር አይደለም እንዴ!»

ቆሻሻውን እንደያዝኩ ተመልሼ ወጣሁ።

ሜሪ እንዳለችው አገሯ ልትገባ ሻንጣ እየዘጋች ነበር።

ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች... ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

«ተነሺ እንውረድ፣ አሁኑኑ!» አልኳት።

«ምን ልበላቸው ፍሬ? ‹ሜሪ እባላለሁ... ነገ እሄዳለሁ› ልበል?»

በነጋታው ሄደች።

ክፉ ሰው የለበትም እኮ ይሄ ታሪክ... እነሱም ጨዋ፣ እሷም ጨዋ። ሁሉም በየቤቱ ሆኖ ሌላውን ሲጠብቅ፣ ሰው በክፋት ብቻ ሳይሆን በጨዋነትም ብቻውን ይቀራል።

እሷ የሄደች ዕለት፣ ሜራን የሚባለው ሰፈር ያለው ቤቴ እንደደረስኩ፣ የፊት ለፊታችንን በር ደወልኩ። ስማቸውን አላውቅም፤ እነሱም የእኔን።

ኮቴ ሰማሁ... ቀረበ... ቆመ።

በሩ አልተከፈተም።

ለተዘጋው በር «ፍሬ እባላለሁ» ብዬ ተመለስኩ።

እናንተ ብትሆኑ... ድጋሚ ትደውሉ ነበር?