ድራይቨሩን ማን ነካው?

«ከምናገረው አንዲት ቃል ሐሰት ብትገኝ ምላሴ ይቆረጥ!» ብሎ ጋሽ ሽመክት ለላፕቶፑ ማለ።

በዚያ ዘመን ላፕቶፑን የሚያሠራው ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት፣ የተደረገውን በእውነት ካልነገሩት፣ ብልሽቱን አይጠግንም። የላፕቶፑ የራሱ ስክሪን ድሮ ተሰብሯል። ከጎኑ የተሰካው ትልቁ ስክሪን ሲጨልም፣ ባልና ሚስቱ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ስለቀሩ በቀጥታ ስርጭት ያዩት የነበረው የልጃቸው የትርሲት ሰርግም አብሮ ጨለመ፤ ድምፁ ብቻ ቀረ።

«ከመጥፋቱ በፊት ምን ነካክተው ነበር?» አለ ላፕቶፑ።

«እኔ? ጣቴንም አላሳረፍኩ! ሰባት መብረቅ ወረደ፤ ስድስቱን በእጄ መለስኩ፣ ሰባተኛው አመለጠኝ!»

«አልሆነም። እባክዎ እንደገና ይንገሩኝ።»

ሲደግመው መብረቁ አሥራ ሁለት ደረሰ፤ ቀጥሎም ዘንዶ መጥቶ ኬብሉን ዋጠ። የሰርጉ እልልታ ቀለጠ፣ ከዚያ እየራቀ ሄደ። እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ በሚስቱ ፊት ግን አልወጣ አለው።

ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለች።

«መብረቅም የለ፣ ዘንዶም የለ ልጄ» አለችው በቀስታ። «ምስላችን ከጎረቤት ይብለጥ ብሎ፣ እኔ ተው እያልኩት፣ ስክሪኑን ምስል የሚያሳየውን ደህናውን ፕሮግራም፣ የግራፊክስ ድራይቨሩን፣ ዛሬ ጠዋት በሌላ ቀየረው።»

ስክሪኑ ወዲያው በራ። የሰርጉ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዎች ወንበር ይደራርቡ ነበር።